ውድ ሲዲ ማጫወቻ ለመግዛት፦ ከወሬው ምኑን ይዞ ምኑን መተው

የ3,000 ዶላር ሲዲ ማጫወቻ ልትገዙ አስባችሁ ከሦስት አዋቂ ሰዎች ምክር ጠየቃችሁ እንበል። አንዱ «ዲጂታል ያው ዲጂታል ነው፤ የመቶ ዶላሩም ይኸንኑ ድምፅ ይሰጣችኋል» ይላል። ሌላው «የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል፤ ባሱ ራሱ ሌላ ነው» ብሎ ይምላል። ሦስተኛው ደግሞ «ማጫወቻ የሚባል ነገር ተዉት፤ ማንበቢያውን ለብቻ፣ ዳኩን ለብቻ ግዙ» ይላል (ዳክ ከዲስኩ የተነበበውን ቁጥር ወደ ድምፅ ሲግናል የሚቀይረው ክፍል ነው)። ሦስቱም ውሸታም አይደሉም። ያነጻጸሩት ዕቃና ያነጻጸሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው የማይስማሙት። በዚህ መመሪያ በዓይን የሚታየው፣ በመሣሪያ የሚለካውና በእጅ የሚሞከረው ይቀድማል። ጆሮ ተራው በኋላ ይደርሰዋል፤ ያኔም በሥርዓት።

ጠቡ ከየት መጣ

ትልቁ ምክንያት የድምፅ መጠን ነው። ሲዲ ማጫወቻ ከፍተኛውን ሲግናል ሲያወጣ በተለመደው የአርሲኤ መውጫ 2 ቮልት እንዲሰጥ ይጠበቃል። ብዙ ፋብሪካዎች ግን ትንሽ ይጨምሩበታል። 2.3 ቮልት የሚሰጥ ማጫወቻ 2 ቮልት ከሚሰጠው በ1.2 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይበልጣል። ይህን ያህል ልዩነት «ጮኸ» አያሰኝም፤ የሚያሰኘው «ጠራ»፣ «ጠለቀ»፣ «ባሱ ሞላ» ነው። በኤክስኤልአር ገመድ በሚሠራው ባላንስድ መውጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 4 ቮልት ይወጣል፤ ይህ የ6 ዴሲቤል ብልጫ ነው። ሱቅ ውስጥ ርካሹ በአርሲኤ፣ ውዱ በኤክስኤልአር ተሰክቶ የቮልዩሙ ቁልፍ ሳይነካ ከተሰማ ውዱ ከመጀመሪያው አሸንፏል። ሻጩ ሊያታልል ባያስብም ውጤቱ ያው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። በ1982 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው የሶኒ ሲዲፒ-101 እና ከዚያ በኋላ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎች በእርግጥ ይለያዩ ነበር፤ በዚያ ዘመን ድምፅ ያነጻጸረ ሰው ዛሬም ያንኑ ይናገራል። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው አዲሱን ዕቃ የሚያነጻጽረው ሌዘሩ ካረጀ፣ ኮንደንሰሩ ከደረቀ የአሥራ አምስት ዓመት ዕቃው ጋር መሆኑ ነው። ያ የአዲሱ ሞዴል ብቃት ሳይሆን የአሮጌው ሕመም ነው።

«ሁሉም አንድ ነው» የሚለውም ወገን ማስረጃውን አንዳንዴ ከልኩ በላይ ይዘረጋዋል። በብዛት የሚጠቀሰው በ2007 ሜየርና ሞራን በኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ ጆርናል ያወጡት ጥናት ነው። ከሲዲ የበለጠ መረጃ ከሚይዙት ከሱፐር ኦዲዮ ሲዲና ከዲቪዲ ኦዲዮ ዲስኮች የወጣውን ድምፅ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ በሲዲ ልክ አሳልፈው አሰሙ። ከ554 ሙከራ ትክክል የሆነው 276 ነበር፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይሻልም። ጠንካራ ውጤት ነው። ነገር ግን ጥናቱ የሚናገረው የሲዲ መስፈርት ይበቃል ወይስ አይበቃም ስለሚለው ነው፤ ሁለት ማጫወቻዎችን አላወዳደረም።

ዲስኩ ራሱ ምን ያህል ይይዛል

ሲዲ ላይ ያለው በሁለት ቻናል 16 ቢት፣ በሰከንድ 44,100 ናሙና ነው። ይህ ማለት ከፍተኛው የድምፅ ድግግሞሽ ከ22 ኪሎ ኸርዝ ትንሽ በላይ፣ በጸጥታና በጩኸት መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ወደ 96 ዴሲቤል ገደማ ነው። ዛሬ ደህና የሚባል ማንኛውም ዳክ ከ110 ዴሲቤል ያልፋል። ስለዚህ ካታሎግ ላይ አንዱ 118፣ ሌላው 124 ዴሲቤል ቢል ሲዲ ለሚያጫውት ሰው ትርጉም የለውም። ዲስኩ የሌለውን ማጫወቻው አይጨምርም። «ሲዲን ወደ 24 ቢት ከፍ ያደርጋል» የሚለው ማስታወቂያም በዚሁ መለኪያ ይታይ፤ የፊልተሩን፣ ማለትም ከሚሰማው በላይ ያለውን ትርፍ ሲግናል የሚያስወግደውን ማጣሪያ፣ ሥራ ያቀልላል እንጂ ከቀረጻው የጎደለውን አይመልስም።

እዚህ ላይ የራሳችሁን መደርደሪያ ተመልከቱ። ክምችታችሁ በአብዛኛው በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጸ፣ ከሸክላና ከቴፕ ወደ ሲዲ የተገለበጠ ሙዚቃ ከሆነ የሸክላው ሹክሹክታና የቴፑ ጫጫታ ከማንኛውም ማጫወቻ የውስጥ ጫጫታ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሙዚቃው ድንቅ ነው፤ ግን ለእርሱ ተብሎ 5,000 ዶላር ለዳክ ማውጣት ገንዘቡን ከስፒከሩ ላይ መቀነስ ነው።

ገንዘቡ የሚገባው ለሚንቀሳቀሰው ክፍል ነው

ሲዲ ላይ መረጃው ከመሐል ወደ ዳር በሚጠመዘዝ አንድ መስመር ተጽፏል። በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮን ብቻ ነው። 780 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር ያንን መስመር ሳይስት ይከተላል። የንባቡ ፍጥነት እኩል እንዲሆን ዲስኩ ሲጀምር በደቂቃ 500 ጊዜ ገደማ፣ ዳር ሲደርስ 200 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው ሰርቮ የሚባለው የመቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ነው። በማጫወቻ ውስጥ ቶሎ የሚያልቁት ሌዘሩ፣ ዲስኩን የሚያዞረው ሞተር፣ የሌዘሩ ተንሸራታች ማርሽና የመሳቢያው ላስቲክ ናቸው። ዳክ ቺፕ አለቀ ሲባል እምብዛም አይሰማም።

ማንበቢያው የተሻለ ሲሆን ድምፁ ይሻላል ወይ ለሚለው አጭሩ መልስ ይህ ነው። ሲዲ ላይ የተጻፈው የስህተት ማረሚያ 4,000 ቢት ገደማ ተከታታይ ጉድለት፣ ማለትም በመስመሩ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ጭረት፣ አንድም ቁጥር ሳይጠፋ ይጠግናል። ከዚያ ሲያልፍ ማጫወቻው ግራና ቀኙን አይቶ የጎደለውን ይገምታል፤ ይህም ካቃተው ድምፁን ይዘጋል ወይም ይዘላል። እንግዲህ የንባብ ችግር ሲመጣ የምትሰሙት መቋረጥ፣ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ወይም መዝለል ነው። «ባሱ ላላ»፣ «ድምፃዊቷ ወደ ኋላ ሸሸች» የሚል ቅሬታ ከንባብ ስህተት አይመጣም፤ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ጂተር የሚባለው የሰዓት መንቀጥቀጥም ቢሆን በደህና ዘመናዊ ማጫወቻ ከ1 ናኖ ሰከንድ በታች ነው፤ በሙዚቃ ውስጥ ለጆሮ የሚታወቀው ከዚህ በብዙ እጥፍ ሲበልጥ ነው።

ታዲያ ጥሩ ማንበቢያ ለምን ይከፈልበታል? የተጫረ ዲስክ ሳይዘል እንዲያነብ፣ ጸጥ ባለ ቦታ የመሽከርከር ድምፅ እንዳይሰማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአሥረኛው ዓመት እንዲጠገን። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ዳኩ አይሁን፤ የሌዘሩን የሞዴል ቁጥር፣ የማንበቢያውን ሠሪና መለዋወጫው እስከ መቼ እንደሚገኝ ጠይቁ። የአሉሚኒየሙን ውፍረት የሚያደንቅ ግምገማ ሞልቷል፤ የሌዘሩን ቁጥር የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

ማወቅ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ውድ ስም ያላቸው ብዙ ድርጅቶች ማንበቢያውን ራሳቸው አይሠሩም። ለረጅም ዘመን ከፊሊፕስ፣ ከሶኒና ከሳንዮ ይገዙ ነበር። ፊሊፕስ ለውድ ማጫወቻዎች ያቀርብ የነበረው ሲዲ-ፕሮ 2 ምርቱ ቆሟል፤ የቀረው ክምችት ውድ ነው። በዚህ ማንበቢያ የተሠራ የ10,000 ዶላር ዕቃ ዛሬ በሩብ ዋጋ ቢሸጥ አትደነቁ፤ ሌዘሩ ሲሞት የሚተካው ከጠፋ የቀረው ከባድ ሳጥን ነው። በአንጻሩ የሶኒ ኬኤስኤስ-213 ቤተሰብና የሳንዮ ኤስኤፍ-ፒ101ኤን በጣም ተስፋፍተው ስለነበር ምትካቸው በርካሽ ይገኛል፤ አስመስለው የተሠሩት ስለሚበዙ ግን ሁለት ሦስት ገዝቶ መሞከር ያስፈልግ ይሆናል። አሁን በአዲስ ዕቃ ላይ የኦስትሪያው ስትሪምአንሊሚትድ የሚሠራው ማንበቢያ በብዛት ይታያል። ቲአክና ኢሶተሪክ ዲስኩን ከላይ በሰፊ ጠፍጣፋ የሚጨብጠውን ቪአርዲኤስ የሚባል ማንበቢያ ራሳቸው ይሠራሉ፤ ማራንትዝና ዴኖንም ለውድ ሞዴሎቻቸው የራሳቸው አላቸው። ራሱ ከሚሠራ ድርጅት መግዛት አንድ ጥቅም አለው፤ መለዋወጫ ሲጠፋ «አቅራቢያችን አቆመ» የሚል ሰበብ የለም። ግን ድርጅቱ ራሱ ከሥራው ሊወጣ ይችላል። የስኮትላንዱ ሊን በ2009 ሲዲ ማጫወቻ መሥራት ማቆሙን አስታወቀ፤ ኦፖ በ2018 ማጫወቻ መሥራት አቆመ። ዕቃቸው ጥሩ ነው፤ አሮጌውን ስትገዙ ግን ይህ በዋጋው ላይ ይታሰብ።

አንድ ሳጥን ወይስ ሁለት

ደህና ዳክ አስቀድሞ ካላችሁ፣ ወይም አምፕሊፋየራችሁ ውስጥ ካለ፣ ሌላ ዳክ ያለበት ማጫወቻ መግዛት ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። እንደ ካምብሪጅ ኦዲዮ ሲኤክስሲ ወይም ኦዲዮላብ 6000ሲዲቲ ያለ ትራንስፖርት፣ ማለትም ዳክ የሌለው ማንበቢያ ብቻ፣ ይበቃል። ትራንስፖርቱን ከዳኩ የምታገናኙት በኮአክሲያል (በኤሌክትሪክ በሚሠራው ዲጂታል ገመድ) ከሆነ 75 ኦም ተብሎ የተሠራ ተጠቀሙ፤ ውድ መሆን የለበትም። አምፑና ማጫወቻው ሲገናኙ «ሁም» የሚል ድምፅ ከመጣ ወደ ኦፕቲካል ቀይሩ፤ በብርሃን ስለሚሠራ በኤሌክትሪክ አይያያዙም፣ ሁሙም ይጠፋል።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ ነው። በ1999 የወጣው ይህ ዲስክ በተለመደው ኮአክሲያልና ኦፕቲካል አያልፍም፤ ዲስኩ ላይ የተደረበ የሲዲ ክፍል ካለ ከትራንስፖርት የምታገኙት እርሱን ብቻ ነው። ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ ከአሥር በላይ ካላችሁ በአንድ ሳጥን ያለ ማጫወቻ ግዙ። አንድም ከሌላችሁ ደግሞ ለዚህ ችሎታ አትክፈሉ፤ ሁለት ዓይነት ሌዘር ስለሚያስፈልገው ማንበቢያው ውድ ነው፣ ሲበላሽም ምትኩ ያስቸግራል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ፕሪኤምፋሲስ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የታተሙ አንዳንድ ዲስኮች፣ በተለይ የጃፓን እትሞችና ክላሲካል ሙዚቃዎች፣ ቀጭኑ ድምፅ ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጎ ተቀርጿል። ማጫወቻው ምልክቱን አንብቦ መልሶ ዝቅ ማድረግ አለበት። ትራንስፖርትና ዳክ ሲለያዩ አንዳንድ ዳክ ምልክቱን አያይም። ውጤቱ በ10 ኪሎ ኸርዝ ላይ የ7.6 ዴሲቤል ጭማሪ ነው፤ ሲምባሉ ጆሮ ይበሳል። አንድ አሮጌ ዲስክ በአንዱ ማጫወቻ ለስላሳ፣ በሌላው ሻካራ ከሆነ ስለ «ባሕርይ» ከመከራከራችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

የቺፕ ስምና የፊልተር ነገር

ከዳክ ቺፕ አምራቾች ኢኤስኤስ ይሻላል፣ ኤኬኤም ይሻላል የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈጅቷል። በጥቅምት 2020 ጃፓን ኖቤኦካ ያለው የኤኬኤም ፋብሪካ ሲቃጠል ቺፑ ከገበያ ጠፋ፤ ብዙ አምራቾችም ዕቃቸውን በሌላ ቺፕ እንደገና ለመንደፍ ተገደዱ። ቺፕ ቢቀየርም ዕቃው ዕቃ ሆኖ ቀጠለ። ከቺፑ ይልቅ በዙሪያው ያለው የኃይል አቅርቦትና የመውጫ ሰርኪዩት ይወስናል፤ ይህ ደግሞ በስም ሳይሆን በልኬት ነው የሚታየው።

ልዩነት በእርግጥ የሚሰማባቸው ማጫወቻዎች አሉ፤ ሆን ተብለው የተለዩ ናቸው። ኖን-ኦቨርሳምፕሊንግ የሚባሉት ያለ ዲጂታል ፊልተር የሚሠሩ ናቸው፤ ካልተካካሰ በስተቀር በ10 ኪሎ ኸርዝ 0.75፣ በ20 ኪሎ ኸርዝ 3.2 ዴሲቤል ይወርዳሉ። «እንደ ሸክላ ለስላሳ» የሚባለው ድምፅ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። የወደደ ይግዛ፤ ግን ያው ለስላሳነት በአምፕ ትሬብል ቁልፍም ይገኛል፣ በነጻ። በቫልቭ (እንደ ድሮ ራዲዮ በመስታወት ቱቦ) የሚሠራ መውጫ ያላቸውም እንዲሁ ናቸው። እነርሱ ላይ የመውጫ ኢምፒዳንስን (በኦም የሚለካውን የሲግናል መቋቋም) እዩ፤ ከአምፑ መግቢያ ቢበዛ አንድ አሥረኛ ይሁን። 2,000 ኦም የሚያወጣ ማጫወቻ 10,000 ኦም መግቢያ ካለው አምፕ ጋር ሲገናኝ 1.6 ዴሲቤል ያጣል፤ ረጅም ገመድ ሲጨመርበት ቀጭኑም ድምፅ ይቀንሳል። «ከእኔ አምፕ ጋር ደብዛዛ ነው»፣ «ከእኔ ጋር ሕይወት አለው» የሚሉ ሁለት ሰዎች ሁለቱም እውነት ሊናገሩ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በሪሞት የሚቀያየር የፊልተር ምርጫ፣ ፈጣንና ዘገምተኛ የሚባለው፣ አብዛኛው አድማጭ የማይለየው ነገር ነው። ካለ ይኑር፤ ለእርሱ ተብሎ ዋጋ አይጨመር።

የራሳችሁን ዲስኮች ይዛችሁ ሂዱ

እቤት ያለው የአማርኛ ሙዚቃ ስብስብ ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው፤ በፋብሪካ የታተመ ሲዲ፣ በኮምፒውተር የተቀዳ ሲዲ-አር፣ መቶ ዘፈን የታጨቀበት ኤምፒ3 ዲስክ። ውድ ማጫወቻ ሁሉንም ያነባል ማለት አይደለም። አንዳንዱ የድምፅ ሲዲ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ኤምፒ3 ዲስክ ስትሰጡት «ዲስክ የለም» ይላል። የተቀዳ ዲስክ ከታተመው ያነሰ ብርሃን ይመልሳል፤ እየተደመሰሰ ደጋግሞ የሚቀዳበት ሲዲ-አርደብልዩ ደግሞ ከሩብ በታች ስለሚመልስ ሌዘሩ ደካማ የሆነ ማጫወቻ ፈጽሞ አያየውም። ለሙከራ እነዚህን ያዙ፦ አንድ ንጹሕ የታተመ ሲዲ፣ አንድ ከ74 ደቂቃ በላይ የሆነ ሲዲ፣ አንድ የተጫረ፣ አንድ አሮጌ ሲዲ-አር፣ ካላችሁ አንድ ኤምፒ3 ዲስክ፣ እንዲሁም ዘፈኖቹ ሳይቋረጡ የሚቀጥሉበት የመድረክ ቀረጻ። በመጨረሻው ላይ በዘፈኖች መካከል ትንሽ ዝምታ ከገባ ያን ማጫወቻ ተዉት፤ በየቀኑ ያናድዳችኋል።

ጆሮን በሥርዓት መጠቀም

እስካሁን ባለው ማጣሪያ ሁለት ዕቃ ከቀሩ ማዳመጥ ይጀመራል። የምትፈልጉት ቴስተር፣ ሁለት ቅጂ አንድ ዓይነት ሲዲ፣ አንድ ረዳትና ምልክት ማድረጊያ ወረቀት ነው።

1. ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም 400 ኸርዝ የሆነ፣ በ12 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ተከታታይ ድምፅ ሠርታችሁ በሲዲ-አር ላይ ቅዱ። ከዚህ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ርካሽ ቴስተር አንዳንዴ ያሳሳተዋል።

2. ሁለቱንም ማጫወቻ በአንድ ዓይነት መውጫ፣ በአርሲኤ፣ ከአምፑ ጋር አገናኙ። ቴስተሩን በኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በስፒከሩ ሁለት ጫፎች ላይ ያዙ። ሽቦዎቹ እንዳይነካኩ፤ አምፑ ይቃጠላል። የቮልዩሙን ቁልፍ ወደ 1 ቮልት ገደማ አድርሱ።

3. ልዩነቱ ከአንድ መቶኛ እስኪያንስ አስተካክሉ፤ አንዱ 1.00 ቮልት ከሆነ ሌላው ቢበዛ 1.01። ይህ ከ0.1 ዴሲቤል በታች ነው። ብዙ አምፖች ለየመግቢያው የመጠን ማስተካከያ አላቸው፤ ግን እርምጃው 0.5 ወይም 1 ዴሲቤል ከሆነ አይበቃም። ያኔ በሚበልጠው ማጫወቻ መስመር ላይ ባለ ሁለት ቻናል 10,000 ኦም ፖቴንሾሜትር (እንደ ቮልዩም ቁልፍ እየዞረ መጠኑን የሚቀንስ ዕቃ) አስገቡ፤ ከእርሱ ወደ አምፑ የሚሄደው ገመድ ከ1 ሜትር አይብለጥ። ግራና ቀኝን ለየብቻ ለኩ።

4. ረዳቱ ሳንቲም እየወረወረ የ16 ሙከራ ቅደም ተከተል አስቀድሞ ይጻፍ። ፊቱንም የአምፑንም ማሳያ እንዳታዩ ይሸፈን። ሁለቱ ማጫወቻዎች በግማሽ ሰከንድ እንኳ ከተለያዩ መቀያየሩ ራሱ መልሱን ያሳብቃል፤ ስለዚህ በየሙከራው አቁሞ ከአንድ ቦታ መጀመር ይሻላል።

5. ከ20 እስከ 30 ሰከንድ የሚሆን አንድ ክፍል ምረጡ፤ ክራር፣ ጭብጨባ፣ ሲምባል ወይም ያለ ማጀቢያ የሚዘፍን ድምፅ ልዩነትን ቶሎ ያሳያል። በየሙከራው የትኛው ማጫወቻ እንደሆነ ጻፉ።

ከ16ቱ 12 ወይም ከዚያ በላይ ካገኛችሁ በአጋጣሚ የመሆኑ ዕድል ከመቶ 4 አይሞላም፤ ልዩነቱ አለ ማለት ነው፣ የቱ እንደሚያስደስታችሁም ከዚያ በኋላ ምረጡ። 8 ወይም 9 ከሆነ በዚያ ዲስክ፣ በዚያ ክፍል፣ በእነዚያ ስፒከሮች ልዩነቱ አልተገኘም፤ መለዋወጫ የሚገኝለትን ውሰዱ። ይህን ሁሉ ማድረግ የማትችሉ ከሆነ ቢያንስ ሦስተኛውን ተራ አትዝለሉ። መጠን ሳይስተካከል የተሰጠ አስተያየት፣ የሰጠው ማንም ይሁን ማን፣ ለግዢ አይበቃም።

ኤሌክትሪኩን አስቀድማችሁ እዩ

ከድምፅ ክርክር ሁሉ የበለጠ ገንዘብ የሚበላው ይኸኛው ነው። ከጃፓን በኢንተርኔት የሚገዛ ያገለገለ ማጫወቻ በጣም ይረክሳል፤ የተሠራው ግን ለ100 ቮልት ነው። የአሜሪካው ለ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ፊውዙ ዕድለኛ ከሆናችሁ ይበጠሳል፤ ካልሆነ ትራንስፎርመሩ። በጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ በፎቶ ሳታዩ አትክፈሉ። «100–240» የሚል ካለ ጣጣ የለውም።

ለአንድ ቮልቴጅ የተሠራ ከሆነ ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 40 ዋት ብቻ ስለሚወስድ የ100 ቮልት-አምፒር ትራንስፎርመር ይበቃል፤ ከማጫወቻው ግማሽ ሜትር አርቁት። ቀናሹ ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ላይ ይበልጥ ይሞቃል፤ ከጀርባው «50/60» መባሉን እዩ። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ስታቢላይዘር ይኑር፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ስኩ። ዕቃ የሚያቃጥለው መጥፋቱ ሳይሆን አመላለሱ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ

ረጅሙን ዲስክ አስገብታችሁ መጀመሪያ የመጨረሻውን ዘፈን አጫውቱ። የተንሸራታቹ ማርሽ ከደረቀ ወይም ሞተሩ ከደከመ ብዙ ጊዜ ዳር ላይ ነው የሚያሳብቀው። የዲስኩን ማውጫ ለማንበብ ከአሥር ሰከንድ በላይ ከፈጀ ሌዘሩን ጠርጥሩ። መሳቢያው ሲከፈት የሚያመነታ ከሆነ ላስቲኩ ደርቋል፤ ይህ የጥቂት ብር ጥገና ስለሆነ አያስፈራም፣ ለዋጋ መቀነሻ ግን ይጠቅማል። ማሳያው መደብዘዙ ከባድ ነው፤ የቆየ ሞዴል ማሳያ ምትክ አይገኝም። ሪሞቱ ከሌለም ጠይቁ፤ አንዳንድ ውድ ማጫወቻ ላይ ያለ ሪሞት ፊልተርና መውጫ መቀየር አይቻልም።

«ሌዘሩ ተስተካክሏል» ከተባላችሁ እንዴት እንደተስተካከለ ጠይቁ። አንዳንድ ጠጋኝ የሌዘሩን ኃይል የሚወስነውን ትንሽ ብሎን አዙሮ ኃይሉን ይጨምራል፤ ለጥቂት ወራት ያነባል፣ ከዚያ ፈጽሞ ይሞታል። ሌንሱ አቧራ ብቻ ከያዘ ግን በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል የራሰ የጆሮ ጥጥ፣ ሳይጫኑ፣ አንድ ሁለቴ ማስነካት ይበቃል። ይህን የምታደርጉት ሶኬቱ ተነቅሎ ነው፤ ሌዘሩ የማይታይ ብርሃን ስለሆነ በርቶ ዓይናችሁን ይጎዳል። ዲስክ ስታጸዱ ደግሞ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ በዙሪያው የሚሄድ ጭረት መስመሩን ተከትሎ ስለሚረዝም ማረሚያው አይደርስበትም።

ስንት ይውጣ

ከ1,000 ዶላር በታች እንደ ማራንትዝ ሲዲ 6007 ያለ ዕቃ ሲዲው የያዘውን በሙሉ ያወጣል፤ ይህን የሚክድ ሰው ከላይ ያለውን ሙከራ ይሞክር። ወደ 2,000 እና 3,000 ዶላር ስትወጡ የምታገኙት ጠንካራ ማንበቢያ፣ ጸጥ ያለ መሳቢያ፣ ባላንስድ መውጫና አንዳንዴ ለሌላ ዕቃ የሚያገለግል የዳክ መግቢያ ነው፤ ብዙ ሲዲ ያለው ሰው በዚህ አይከስርም። ከ5,000 በላይ ያለው ለውበት፣ ለክብደትና ለስም ነው። ለዚያ መክፈል ነውር የለበትም፤ «ድምፁ ነው» ብሎ ራስን ማታለል እንጂ። ስፒከራችሁ ከማጫወቻው የሚረክስ ከሆነ ግን ዝርዝሩን ገልብጡት።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ አራት ነገር በጽሑፍ ይስጣችሁ፦ የሌዘሩን ሞዴል፣ መለዋወጫ የሚቀርብበትን ዘመን፣ ቮልቴጁንና የመመለሻ ጊዜውን። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ይመለሳል፤ ሌላ አገር ግን ሱቁ የፈቀደውን ያህል ነው። ዋስትናው ዕቃውን ወደ ሌላ አገር ስትወስዱ ብዙ ጊዜ ይቋረጣል፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ሰው ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ዕቃው ሲደርስ ከታች በኩል የመጓጓዣ ብሎን መኖሩን መመሪያው ላይ እዩ። ብዙ ውድ ማጫወቻዎች ማንበቢያው በመንገድ እንዳይናወጥ በብሎን ታስሮ ነው የሚላከው። ሳይፈታ ከተጫወተ ይዘላል ወይም ጨርሶ አያነብም፤ ሰውም «ተበላሽቶ መጣ» ብሎ ይመልሰዋል። ብሎኖቹን ፈትታችሁ በትንሽ ፌስታል ከሪሞቱ ጋር አኑሩ፣ ካርቶኑንም አትጣሉ፤ ለጥገና ወይም ለሽያጭ ስትልኩት ያለ እነርሱ አይንቀሳቀስም።